እትዬ ዘነቡ ካንጋሮ የበላች ጊዜ

ሰሞኑን ልጄ ስልኩ ላይ አፍጦ ብቻውን ሲንከተከት ሰማሁና ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሌላ አገር ሰዎች የአውስትራሊያን ምግብ እየቀመሱ አስተያየት ይሰጣሉ። አንዷ ዳቦ ላይ የተቀባ ጥቁር ነገር ጎርሳ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ሌላው የቀረበለትን የካንጋሮ ሥጋ በሹካ ይነካካል። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩት፣ መልሼ ዘጋሁት። ካንጋሮ በእናቴ ቤት የሚሳቅበት ነገር አልነበረም።

ልጅ እያለሁ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ቀይት ነበር የምንኖረው፣ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነቡ ከአውስትራሊያ መጣች። እኔ ጡት ሳልጥል በሱዳን በኩል የወጣች ናት፤ ሳውቃት የመጀመሪያዬ ነበር። ሰኞ ተመላሽ መሆኗን ስለሰማሁ ከሥሯ አልለይ ብዬ እግር በእግር እከተላታለሁ፤ ፊቷን ስትታጠብ እንኳ ፎጣ ይዤ እቆማለሁ። ፋሲካ ካለፈ ብዙም አልሆነም፣ በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም። እናቴ በግ አሳርዳ፣ የበግ ጠጉር የምትፈትልበትን ጥግ ጠርጋ ጠበቀቻት፤ ቤቱ በቅቤና በኮረሪማ ሽታ ታወደ።

መሶቡን ከበን እየበላን እትዬ የዚያን አገር ምግብ ታጫውተን ጀመር። “በጉማ ዓይን እስከሚያየው ድረስ ነው፣ ጓሳን የመሰለ የሣር ሜዳ ሙሉ! ግን ሥጋው ላይ ጣፋጭ ነገር ያፈሱበታል” አለች። ወንዱ ሽርጥ ታጥቆ ግቢ ውስጥ ሥጋ ሲጠብስ ሚስቱ ወንበር ላይ ሆና እንደምታየው ስትነግረን እናቴ “እሰይ! ይሄስ ደግ አገር ነው” ብላ አጨበጨበች። ጥቁሩን የዳቦ ቅባት ደግሞ እትዬ የሚጣፍጥ መስሏት በማንኪያ ሙሉ ጎርሳው ኖሯል፤ ጨው ብቻ ሆኖባት እንባዋ ወረደ። ሳቃችን ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ሳቁ ነው መሰለኝ ያዘናጋት።

“ካንጋሮም በልቻለሁ” አለች።

እናቴ ለእሷ የጠቀለለችውን ጉርሻ እንደያዘች “ምንድን ነው እሱ?” አለቻት።

“ቆሞ የሚዘል እንስሳ ነው። ልጁን ሆዱ ላይ ባለ ከረጢት ነው የሚይዘው።”

“ሰኮናው ስንጥቅ ነው?”

“ሰኮና እንኳ የለውም፣ ጣት ነው ያለው። አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች አቅርበውልኝ ሳላውቅ ነው የበላሁት። ምን ልዋሽሽ እማዬ፣ ጣፍጦኝ ነበር።”

ወደ እትዬ አፍ የተዘረጋው የእናቴ እጅ ተመለሰ። ጉርሻ ከአፍ ሲመለስ ያን ቀን አየሁ። እናቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ተነሥታ ሳህን አመጣችና ለእትዬ ለይታ አቀረበችላት።

“አባ እስኪያዩሽ ነው” አለቻት። የንስሐ አባታችንን አባ ተክሌን ማለቷ ነው፤ እሳቸው ንስሐ ሳይሰጧት ከእኛ መሶብ አትቆርስም።

እትዬ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። “እዚያም በየሳህናችን ነው የምንበላ” አለች። “ከናንተ ጋር ልበላ ነበር የመጣሁት።”

አባ ተክሌ ግን ራቤል የሚባል ሩቅ አገር ተዝካር ተጠርተው ሄደዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ጭንቅ ነበር። እናቴ ስትፈትል ክሩ ይበጠስባታል፣ እትዬ የታጠፈ ልብሷን አውጥታ መልሳ ታጥፋለች። እኔ መንገድ ዳር እየወጣሁ፣ ከጉሙ ውስጥ በቅሎ ብቅ ባለ ቁጥር አባ መስለውኝ እሮጣለሁ። ከእናቷ እጅ ሳትጎርስ ከሄደች ዳግመኛ አትመጣም የሚል ፍርሃት አንጀቴን ይበላው ነበር።

ሰኞ ማለዳ አባ አልደረሱም። ሻንጣው ተጫነ። እትዬ የእናቴን ጉልበት ስማ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች፤ ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። እናቴ ጥቂት ቆማ ቆየችና ድንገት ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ቤት ሮጠች። እናቴ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ስትመለስ እጇ ላይ ወጥ የጠጣ እንጀራ ነበር። ሰዉን እየገፋች አውቶቡሱ ላይ ወጣችና “በይ አፍሽን ክፈች! ኀጢአቱ በኔ ይሁን” አለቻት።

እትዬ እያለቀሰች ጎረሰች፤ ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ማኘክ እንኳ አቃታት።

“እማማ፣ ልንሄድ ነው” አለ ሾፌሩ።

“ቆይ ልጄ፣ ገና ልደግማት ነው!”

ማታ አባ ተክሌ ሲመጡ እናቴ ሳይጠይቋት ተናገረች። “አጎረስኳት አባ። እርስዎን መጠበቅ አልቻልኩም።” እሳቸውም በመስቀላቸው ባርከዋት “አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፣ ስግደት የለም። የሰኔ ጾም ሲገባ ትሰግጃለሽ” አሏት። ጾሙ ሲገባ ገና ሳይነጋ እየተነሣች ሰገደች። ያን ያህል ደስ ብሏት ያየኋት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እትዬ ከዚያ ወዲህም ተመላልሳ መጥታለች፣ እናታችንንም አብረን ቀብረናል። እኔ ዛሬ ደብረ ብርሃን ነኝ። ልጄ ምሳውን ይዞ ክፍሉ ይገባል፣ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል፣ እኔ ማድቤት ቆሜ እጎርሳለሁ። ማንም ያልተፈቀደ ነገር አልበላም፣ ማንም ከማንም አልተጣላም። እናቴ ሳህን የለየችው አባ እስኪያዩ ነበር፤ ያንንም አልቻለችውም። እኛ ሳህን የለየነው ማን እስኪያየን ነው?