ኤከርና የአባቴ ጥማድ

በሰው አገር፣ የቋንቋ መምህርታችን ኤከር የሚለው ቃል ጥንት በጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ማለት እንደነበር ስትነግረን የዳንግላ እርጥብ አፈር ሸተተኝ። ይህማ የእኛው ጥማድ ነው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ያለውን አንድ በሬ ከጎረቤታችን ከአያ ታደለ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርስ ነበር። አንድ ቀን ጥማድ ነው ያለውን ማሳ ሲያርስ ዋለ። ያን ዕለት ካላለቀ፣ በማግስቱ ማርያም ናት፤ ከዚያ በኋላ ተራው የአያ ታደለ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ጥግ ቀረ። እኔ በልቤ «እመቤቴ፣ ፀሐይዋን ያዥልን» እላለሁ።

«ጥማድ ነው ስትለኝ አልነበር?» አለ አያ ታደለ ዳር ቆሞ።

«ጥማድማ ነው። ግማሽ በሬ የሆነው ያንተው ነው» አለ አባቴ።

አያ ታደለ እየሳቀ ጋቢውን ጣለና የቀረውን ጥግ በዶማ ቆፈረልን።

ይህን በክፍል ሳወራ መምህርታችን «ጥማድ ስንት ካሬ ሜትር ነው?» አለችኝ።

«እንደ በሬው ነው» አልኋት። እንደ ጎረቤቱም ማለት ነበረብኝ።