ክር በጥርሱ የሚቆርጠው ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ክር ሲቆርጥ መቀስ ይዞ አይተውት ስለማያውቁ። ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱ በየጊዜው የገዛችለት ሦስት ትናንሽ የክር መቀሶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለው አቧራ ይጠጣሉ። እሱ ስፌቱን ሲጨርስ አንገቱን ደፋ ያደርግና ክሩን በላይኛው ግራ ክራንቻው ቀጭ ያደርገዋል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የሠራው።

ከስፌት መኪናው ጎን ደግሞ አራት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ አይጠፋም። አንዴ ጠጥቶት አይገላገልም፤ ከጠዋት እስከ ማታ በየመሃሉ ፉት ይላል። ጥርሱን የሚቦርሸው ጠዋት ብቻ ነው። «ማታ ደግሞ ማን ያየኛል?» ይላል፣ አጠገቡ የምትተኛው ሚስቱ ሰው ያልሆነች ይመስል።

ሚስቱ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ወረቀት ከቦታው ዝንፍ ሲል እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት፣ ይሄ ሰው ደረሳት።

ክራንቻው መጀመሪያ ጫፉ ተሸረፈ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ። መቀስ ክሩን በእሱው መቁረጡን ቀጠለ። ጥርሱ ልብ ያለው ይመስል ትር ትር ማለት ሲጀምር አልኮል የተነከረ ጥጥ ወተፈበት። ጥጡ ድዱን ላጠው እንጂ ሕመሙን አልነካውም። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችው።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በዕድሜ ልጃቸው ልትሆን የምትችል። ራጅ አንስታ ከሥሩ ጫፍ ላይ ያለውን ጥቁር ጥላ አሳየቻቸው። በስንጥቁ ሻዩና ስኳሩ ገብቶ፣ ተሐዋሲው ውስጡን በልቶ፣ ነርቩ ሞቶ፣ መግሉ ከሥር ተቋጥሯል አለች። ጥርሱን ከፍታ መግሉን አፈሰሰችና በጊዜያዊ ሙሌት ዘጋችው። በሳምንቱ ከመጣ ሥሩ ታጥቦ ይሞላል፣ ጥርሱም ይተርፋል። ሲወጡ ግን ለሁለቱም አንድ ነገር ደግማ ነገረቻቸው። «ሕመሙ ጠፋ ማለት ተፈወሰ ማለት አይደለም። እንዳይቀሩ።»

መቀስ እያፏጨ ወጣ። ሳምንቱ ሲደርስ አርባ የተማሪ ዩኒፎርም ተቆልሎበት ነበር። «አሁን እኮ አያመኝም» አለ። ሚስቱ ደውላ ቀጠሮውን አዛወረች። በሚቀጥለው ሳምንትም አዛወረች። በሦስተኛው ስትደውል ስልኩን ያነሳችው የክሊኒኩ ልጅ ድምጿን ለይታ «ዛሬስ ምን ሆኑ?» አለቻትና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ስልኩን ዘግታ ስትመለስ ባሏ አንገቱን ደፍቶ ክር ይቆርጣል።

«አንተ ሰው፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«አይዞሽ፣ የታመመውን አሳርፌዋለሁ። በቀኙ ነው የምቆርጠው።»

እናቷ ሁልጊዜ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ትል ነበር። ይኼ ግን፣ አለች በኋላ ለእኛ ለጎረቤቶቿ ስታወራ፣ መከራውንም እምቢ ያለ ነው። አሳርፌዋለሁ ያለውንም እጁ ለሥራ ሲጣደፍ ይረሳዋል፤ ሲረሳ ወደ ግራው ነው። ሙሌቱ ረገፈ። ድዱ ሲያብጥ ለሚስቱ ሳይናገር፣ ከጎረቤት ሴትዮ ሳል የተረፉ ሁለት እንክብሎች ለምኖ ዋጠ። ሁለት!

አንድ ማለዳ ጉንጩ እስከ ዓይኑ ሥር ተነፍቶ፣ ግራ ዓይኑ ተጨፍኖ፣ ሰውነቱ እንደ ካውያ እየፈጀ መኪናው ላይ ተገኘ። አራት ዩኒፎርም ቀርቶኛል፣ እሱን ልጨርስና ይላል። ሚስቱ ከዚህ በኋላ አልተከራከረችም። ጎንበስ ብላ የመኪናውን ማዞሪያ ቀበቶ ፈታችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ቀበቶህን ከፈለግህ ክሊኒክ እጠብቅሃለሁ» ብላ ወጣች።

ያለ ቀበቶ መኪናው አይዞርም። አንድ ዓይኑን ይዞ ተከተላት።

ሐኪሟ አፉን ከፍታ ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ስንጥቁ እስከ ሥሩ ወርዷል፤ ያኔ ሊተርፍ የነበረው ጥርስ አሁን አይተርፍም። መግሉ ከዓይኑ ሥር አልፎ ወደ ጭንቅላቱ ቢዘልቅ ኖሮ ሕይወቱን ያሳጣው እንደነበር ሳትሸሽግ ነገረችው። ነቀለችው፣ መግሉን አወጣች፣ ትኩሳቱና እብጠቱ ስላለም መድኃኒት አዘዘች፤ ቢሻለውም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ እንዲጨርስ። ከዚያ ቀኙን ክራንቻ አየችና እሱም ጫፉ መሸረፍ ጀምሯል አለች። በጊዜ ስለተደረሰበት ትንሽ ተሞልቶ ይድናል፤ ግን ጠዋትና ማታ መቦረሽ አለበት፣ ሻዩም ያለ ስኳር ይሁን ወይ ባንዴ ተጠጥቶ ይለቅ።

«ለመሆኑ መቀስ የለዎትም?» አለችው።

«ሦስት አለው» አለች ሚስቱ፣ እሱ በጥጥ አፉ ተለጉሞ ነበርና።

እብጠቱ የጎደለ ዕለት ቀበቶውን መለሰችለት። ከሦስቱ መቀሶች አንዱን በገመድ መኪናው እግር ላይ አሰረችና በር ላይ ቆማ ታየው ጀመር። መቀስ አንድ እጅጌ ሰፍቶ ጨረሰ። አንገቱን ደፋ አደረገ። ክሩ በባዶው ቦታ ሾልኮ አለፈ። ወደ ቀኙ ሊያዞረው ብሎ ቀና ሲል ከሚስቱ ዓይን ጋር ተጋጨ። መቀሱን አንስቶ ቀጭ አደረገና ምስጋና እንደሚጠብቅ ተማሪ አያት።

«ሃያ ስድስት ዓመት» አለችና ሥራ ረፍዶባት ስለነበር ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።