«በቃን» ያሉት ሽማግሌዎች

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሰላም ስለ ኦቲዝም ከስልኳ ላይ ጮክ ብላ ታነብልኝ ነበር። እዚሁ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ናት፤ አንድ ተማሪዋ አሳስቧታል። የሰው ፊት ማየት የሚከብዳቸው፣ ጫጫታ የሚያሳምማቸው፣ የተነገራቸውን እንዳለ የሚወስዱ ሰዎች አሉ ይላል ጽሑፉ። ድንገት ቀና ብላ፣ «አክስቴ፣ እርስዎን እኮ ነው የሚያወራው!» አለችኝ። የመጣብኝ የደሳለኝ ነገር ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። ደሳለኝ የቡሬ እህል ነጋዴ ልጅ ነው፤ አብረን ተምረናል። የወደድኩት ጎን ለጎን እየሄደ ስለሚያወራኝ ይመስለኛል። ፊቴን እዪ አይለኝም።

ጥር ላይ ሽማግሌ ላከ። እናቴ በሕይወት ስላልነበረች ማዕዱን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የአዲሱ ቀሚሴ ጥልፍ አንገቴን ይበላኛል፤ ሦስቱም ሽማግሌዎች ባንድ ጊዜ ያወራሉ፤ የዶሮው ወጥ ሽታ ራሴን ያዞረኛል። ጥቂት እንደጎረሱ ትልቁ፣ አንድ ቄስ፣ «በቃን ልጄ፣ ተባረኪ» አሉ።

ማዕዱን አነሣሁ።

ሽማግሌዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ተነሥተው ሄዱ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ አባቴ።

«በቃን አሉ እኮ።»

«ሰው በቃኝ ሲል ‹አፈር ስሆን› ይባላል እንጂ ይነሣበታል?»

ከቡሬ የመጣው መልስ የባሰ ነበር። ነገሩን እንደ ቅኔ ፈትተውት ኖሯል፤ «ልጅቱ አልፈለገችንም፤ በማዕድ ነገረችን» ብለዋል። እኔ የማላውቀውን ቅኔ መቼ ተቀኘሁ?

በማግስቱ ለማንም ሳልናገር አውቶቡስ ተሳፍሬ ቡሬ ሄድኩ። የተጫነው በርበሬ መንገዱን ሙሉ ሲያስነጥሰን ዋለ። ደሳለኝን አባቱ መጋዘን ደጃፍ ጆንያ ሲሰፋ አገኘሁት።

«አንተን ማግባት እፈልጋለሁ። ማዕዱን ያነሣሁት በቃን ስላሉ ነው» አልኩት።

ፈገግ አለ። ቀጥሎ ጆንያውን እያየ፣ «እኔስ በቃኝ ብልሽ?» አለኝ።

«እሄዳለሁ።»

መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካና፣ «እንግዲያው በቃኝ» አለኝ።

ሄድኩ።

በዓመቱ ሌላ አገባ። እኔም ቆይቼ ንግግር የማያበዛ ሰው አገባሁ፤ እስኪሞት ድረስ በደኅና ኖርን።

ይህን ሁሉ ለሰላም ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እንዲለምኑት ፈልጎ እኮ ነው!»

«ታዲያ ለምን ለምኚኝ አላለኝም?»

ሣቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። የትኛው ለእኔ እንደሆነ አልገባኝም።

ባሕር ዳር ሐኪም ይኖር ይሆናል፣ እንሂድ ትለኛለች። በዚህ ዕድሜዬ ኦቲዝም የሚሉት ስም የእኔ ነው ቢሉኝ ምን አደርግበታለሁ? አይደለም ቢሉኝስ? ሰው «ልበ ደረቅ» ሲለኝ አምኜ ነው የኖርኩት። ግን ያን ቀን ከቡሬ ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቅስ ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት ደንግጦ፣ «ማን ሞቶብሽ ነው፣ እህቴ?» ሲለኝ፣ «ማንም» አልኩት። እውነት ነበር፤ ማንም አልሞተብኝም።