የትምወርቅ የማትናገርበት ሰዓት

ዲላ ውስጥ ወሬ ቢጠፋ እትዬ የትምወርቅ ጓዳ ይገኛል። አፏ የሚያርፈው በቀን አንዴ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የቁስል መድኃኒቷን ስትቆርጥ ብቻ ነው። ቡሌ ትኖር የነበረችው እናቷ ሙያውን ስታወርሳት፣ «ቆርጠሽ ሳትጨርሺ ከተናገርሽ ይረክሳል፤ ስሙን ለሰው ከነገርሽማ አለቀለት» ብላ አስምላታለች። እሷም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምላሷን ነክሳ ቆረጠች። ጎረቤቷ ወልዱ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ሲላት ጭጭ ትል ነበር። ንቃኝ ነው ብሎ ካኮረፋት ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ። እንዳታስረዳው ምስጢር ነው። ነገሩ ያንገበግባታል፤ ከሰፈሩ ሁሉ ለወሬ የሚመቻት እሱ ነበር።

አክሱማዊት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መድኃኒቱን አይጥ ላይ ልሞክረው ብላ መጣች። «አይጥ ወጥመድ ነው የሚገባው» ብላ የትምወርቅ አባረረቻት። ልጅቷ ግን መዥገር ናት፣ ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻ የትምወርቅ ተሸነፈችና ደርቆ የተወቀጠውን በብልቃጥ ሰጠቻት። «ስሙን ግን አትጠይቂኝ» አለቻት። ብልቃጡ ውስጥ ሳይደቅ የቀረ ቅጠል እንዳለ ልብ አላለችም።

በዓመቱ አክሱማዊት ጥናቷን ስታቀርብ የትምወርቅን ከፊት ወንበር አስቀመጠቻት። የአይጦቹ ቁስል መጠገጉን በፎቶ ስታሳይ የትምወርቅ እንደ ሙሽራ እናት ተጀነነች። ልጅቷ ቀጠለች፦ «ተክሉ ግራዋ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። የጋን ማጠቢያ ግራዋ፣ የማን አጥር ላይ ጠፍቶ! የትምወርቅን ያስደነገጣት ግን ሳቁ አይደለም። ስሙ ተጠራ፣ መድኃኒቱ ሞተ፤ ነገ ቁስል ይዞ ደጇ የሚመጣውን በምን ልታክመው ነው? ሳትሰናበት ወጣች፣ መንገዱንም እያለቀሰች ጨረሰችው።

ቤቷ ስትደርስ የሽንኩርት ቢላዋ አንስታ የገዛ ጣቷን ሸረፍ አደረገች። እንደ ወትሮው አጥባ ዱቄቱን ነሰነሰችበት። ካመረቀዘ እናቴ እውነቷን ነው አለችና ጠበቀች።

በስድስተኛው ቀን ጣቷ ጠገገ። ድሮም ስድስት ቀን ነበር፣ አንድ ቀን እንኳ አልዘገየም። ደስ ሊላት ሲገባ ደሟ ፈላ። «አይ እማዬ፣ አፈሩ ይቅለልሽና፣ ሠላሳ ዓመት በከንቱ ለጎምሽኝ» አለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቅርጫቷን ይዛ ወጣች። ወልዱ ከአጥሩ ወዲያ ፊቱን ይታጠባል። ገና አንድ ቅጠል ሳትነካ፣ «ወልዱ፣ እንደምን አደርክ?» አለችው።

ወልዱ ጣሳውን ጥሎ ጋቢውን ፍለጋ ዞረ።

«ማነው የሞተው?» አላት።