ሦስቱ የፊዚክስ አባቶች

የፊዚክስ አስተማሪውን ሰፈሩ ሁሉ «ፊዚክስ» ነው የሚለው፤ እናቱ ያወጡለትን ስም ሚስቱም ረስታዋለች። በትርፍ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ የሦስት ጢማም ሊቃውንት ሥዕል ሰቅሏል። ጠዋት ከረባቱን የሚያስረው እነሱ ፊት ቆሞ ነው። ሁለቱ የፊዚክስ ሰዎች ናቸው፤ ሦስተኛው ፈላስፋ። ፈላስፋ እዚህ ምን ይሠራል ብሎ ለጠየቀ እንግዳ ወዮለት። ጥያቄውን የወለደው እሱ ነው፣ እነዚያ ሜትርና ሚዛን ይዘው ተከተሉት እያለ ሻዩን ያቀዘቅዝበታል።

አንድ ቀን ክፍሉ ለአማቱ ተፈለገ። ሴትየዋ የሚኖሩት ሩቅ ነው፤ በሠርጉም አልነበሩም። አማችየውን የሚያውቁት ልጃቸው በስልክ «ፊዚክስ እንዲህ አለ፣ ፊዚክስ እንዲያ አለ» ስትል ብቻ ነው። ሚስትየው ሥዕሎቹ ዛሬውኑ ይውረዱ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። አማት ሻንጣቸውን አስቀምጠው ቀና አሉና የመጀመሪያው ማን እንደሆኑ ጠየቁ።

«የፊዚክስ አባት ናቸው» አለ በኩራት።

አማት አንገታቸውን ደፍተው ነፍስ ይማር አሉ። «እኚህኛውስ?»

«እሳቸውም የፊዚክስ አባት ይባላሉ።»

«እኚህ ሽማግሌስ?»

«እሳቸውማ የመጀመሪያው አባት ናቸው።»

አማት አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አሉ። ወዲያው ልጃቸውን ጠርተው፣ የሙት ልጅ የአባቶቹን ሥዕል አውርድ አይባልም፣ ነውር ነው ብለው ተቆጡ። እሷ ነገሩ ሳይገባት እሺ ብላ ወጣች።

ፊዚክስ ግን ገብቶታል። ገብቶትስ? ጭጭ። ክፍል ውስጥ ለእውነት ሲባል ስንት ሊቅ ተንገላታ እያለ ጠመኔ የሚፈጅ ሰው፣ ሥዕሎቹ ይትረፉልኝ ብሎ የገዛ እናቱን ለሦስት ባል ዳረ። ይህ ነው እንግዲህ የሊቃውንት አድናቂ።

ብዙም ሳይቆይ እናቱ አማትን እንኳን ደህና መጡ ሊሉ መጡ። አንድ ባል አግብተው ያንኑ አንዱን የቀበሩ ሴት ናቸው። አማት ክፍላቸው አስገቧቸውና እጃቸውን ያዝ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እህቴ፣ አንዱን መቻል እንኳ መከራ ነው፤ ሦስቱን እንዴት ቻልሻቸው?» አሉ።

እናት ግድግዳውን አዩ። ከዚያ በር ላይ የቆመውን ልጃቸውን አዩት።

«ዘመዶቼ አይደሉም» አለ ፊዚክስ። «አባትነታቸው በሐሳብ ነው።»

«በሐሳብ?» አሉ አማት። «እና እኔ ሰሞኑን ልብሴን የምቀይረው ባዕድ ወንድ ፊት ነው? አውርድ።»

አወረደ። አሁን ሦስቱም ከባልና ሚስቱ አልጋ ራስጌ ተሰቅለዋል፤ ሚስትየው ልብሷን የምትቀይረው እናቷ ክፍል ሄዳ ነው።