ያልተከፈተው የአባቴ ገጽ

አባቴ ከጉለሌው ቤታችን የወጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የመርሳት ሕመም ከያዘው ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ በሩን ሳልቆልፍ የገባሁት እኔ ነኝ።

እናቴ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስትሮጥ እኔ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ሥራዬ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ከጓደኞቼ ጋር የጠፉ ሰዎች ማፈላለጊያ ድረ ገጽ ነበረን፤ በዚያው ሳምንት እንደገና ሠርቼ የጨረስኩት። ለአባቴ አንድ ገጽ ከፈትኩለት፤ ፎቶውን፣ ግራጫ ኮቱን፣ ስልክ ቁጥሬን አስገባሁ። ሊንኩን በቴሌግራም ለማውቀው ሁሉ ላክሁት፤ ሰው ለሰው እያስተላለፈ ሰፈሩን አዳረሰው።

አንድም ሰው አልደወለም።

ረቡዕ ከእናቴ ጋር ቀኑን ሙሉ በእግር ስንፈልግ ዋልን። «ስልክሽ ይሠራል ግን?» ትለኛለች በየመንገዱ። ይሠራል።

ሐሙስ ጠዋት አዲሱ ገበያ አንድ ጨርቅ ሻጭ ሽማግሌ ጋ ገባሁ።

«ሊንኩ ደርሶኛል ልጄ» አሉኝ። «ግን አይከፈትም።»

ስልካቸውን ሰጡኝ። «ገጹ አልተገኘም» ይላል። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ወዲያው ገባኝ። ገጾቹን ለሰው በሚያቀብለው ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ፣ ድረ ገጻችን ያለው አንድ የገጽ ፋይል ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ገጾች የሚፈጠሩት ያ ፋይል ከተከፈተ በኋላ፣ እዚያው ስልኩ ላይ ነው። እኔ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ስለምገባ ይከፈትልኛል። ሰው ግን የአባቴን ሊንክ በቀጥታ ሲነካ፣ ሰርቨሩ በዚያ አድራሻ ፋይል ይፈልጋል፤ ያጣል፤ የለም ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ለሰው ሁሉ የለም ሲል ከርሟል።

«ሶኬት አለዎት?» አልኳቸው ላፕቶፔን ከቦርሳዬ እያወጣሁ።

ጣቃ ጨርቁን ገፋ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። ለሚመጣው አድራሻ ሁሉ ያንን አንድ ፋይል ስጥ ብዬ ሰርቨሩን አዘዝኩት። ገጹ ጭራሽ ባዶ ሆነ፤ ለካ ፎቶውም፣ ገጹን የሚሠራው ኮድም ሲጠየቅ ያንኑ ፋይል እየሰጠ ነው። አረምኩት፦ የተጠየቀው ፋይል ካለ እሱን፣ ከሌለ ብቻ ያንን አንዱን ስጥ።

«አሁን ይሞክሩት፣ እባክዎ።»

የአባቴ ፊት ወጣ። ሽማግሌው አማተቡ።

ሰዓት ሳይሞላ አንዲት ሴት ከሸጎሌ ደወለች። «ማክሰኞ ከብት ገበያው አጠገብ ተቀምጠው አግኝቼ ውሃ ሰጥቻቸዋለሁ። ሊንኩ ያን ዕለት ደርሶኝ ነበር፤ አልከፈት ሲለኝ ተገኝተው ያነሳችሁት መሰለኝ።»

«አሁንስ የት ነው?»

«ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፣ እህቴ።»

አርብ ከሰዓት፣ ከከብት ገበያው በላይ፣ ገና በግንባታ ላይ ባለ ሕንጻ ውስጥ ጥበቃው አገኘው። ፎቶውን ስልኩ ላይ አይቶ ነው ያወቀው። አባቴ በሕይወት ነበር፤ ሳንባውን ግን ብርዱ ጎድቶት ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ አረፈ።

ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ» ሲል እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም። የገጹን ነገር ስለማታውቅ ነው።