በእናቷ ነጠላ ላይ የደረቀ ሽፈራው

ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ሙሉነሽን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ አፏን ፈርቶ በሌላ በኩል የሚያልፍ ነው። ከዓሣ ተራው አጠገብ፣ በሸራ ጥላዋ ሥር ተቀምጣ፣ የደረቀ የሽፈራው ቅጠል በጣሳ እየሰፈረች መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏል። ሌሎቹ ቅጠል ሻጮች «ስኳር ያጠፋል! ኩላሊት ያጥባል!» እያሉ ሲጮኹ እሷ ዝም ነው። ይፈውሳል ወይ ብሎ የጠየቃትን ሁሉ «እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ? ሐኪም ቤቱ እዚያ ማዶ ነው፤ እኔ ጋ ያለው ቅጠል ነው» ብላ ታሳፍረዋለች። ደንበኛዋ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ቁጣዋን የሚወዱላት አሉ።

ቅጠሉን ያወቀችው በልጅነቷ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ተነስተው አቦቦ ሲሰፍሩ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ከአገሯ ይዛ የመጣችው የለበሰችውን ነጠላ ብቻ ነው። ሽፈራው እንዴት እንደሚደርቅ ለእናቷ ያሳየቻት ከደቡብ የመጣች ጎረቤታቸው ናት፤ ጠዋት ሳይሞቅ ይለቀማል፣ ቤት ውስጥ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ይዘረጋል፣ ፀሐይ ፈጽሞ አያይም። የሚዘረጋበት ጨርቅ ስላልነበረ እናቷ ነጠላዋን አወጣች። ሙሉነሽም እስከ ዛሬ ቅጠሏን የምታደርቀው በዚያው ነጠላ ነው፤ አሮጌ የሽቦ አልጋ ላይ ትወጥረዋለች። ጥለቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ መሃሉም በየቀለሙ ክር ተለቃቅሟል።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ፣ ከተማው ውስጥ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ደንበኛዋ ጥዑመልሳን እንደ ልማዱ አንድ ጣሳ ሊገዛ መጣና ወሬ ጀመረ።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ባሮ ዳር የቀረውን የድሮ ወደብ ብረት ዝገት እንዴት እንደበላው አይተዋል?»

«አይቼዋለሁ። ምን ሆነ?»

«ሰውነታችን ውስጥም እንደ ዝገት ያለ ነገር ይካሄዳል። አንዳንድ ቅጠሎች ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ይህን ይከላከላሉ፤ አንቲኦክሲዳንት እንላቸዋለን።»

«ፀረ ዝገት በለኛ! ምን ያዞርሃል?»

መምህሩ ሳቀ። ሐምራዊ ፈሳሽ እንዳለው፣ የቅጠል ጭማቂ ሲጨመርበት ቅጠሉ አቅም ካለው ሐምራዊው ጠፍቶ ቢጫ እንደሚሆን ነገራት። «ይህ ግን የብልቃጥ ሙከራ ነው፤ በሽታ ያድናል ማለት አይደለም» አላት።

«እሱንማ ለእነዚያ ለሚጮኹት ንገራቸው። የእኔን ቅጠል ትሞክርልኛለህ?»

ሰኞ ተማሪዎች ባሉበት ሊሞክርላት ቀጠራት። እሱ ሲሄድ ሙሉነሽ ወደ ጎረቤቷ ወደ አጅዋንግ ዞረች። አጅዋንግ ዓሣ የምታደርቅ የአኝዋክ ሴት ናት፤ ከሙሉነሽ ጋር ስትቀልድ የማትውልበት ቀን የለም። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ገለባ ለሰው ስሸጥ ኖሬ ከሆነ፣ ይቺን ጣሳ ባሮ ውስጥ ወርውሬ ነው ቤቴ የምገባው» አለቻት። አጅዋንግ ሳቀች፤ ሙሉነሽ ግን አልሳቀችም።

እንግዲህ ስህተቱ የመጣው ከአክብሮት ነው። ለተማረ ሰው፣ በክር በተለቃቀመ ነጠላ ላይ የደረቀ ቅጠል እንዴት ይሰጣል? እሑድ ዕለት ሙሉነሽ አዲስ ለቅማ በፈላ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠበችው። ከዚያ ለማድ ቤቱ ጣሪያ የገዛችውን አዲስ ቆርቆሮ ግቢዋ መሃል አነጠፈችና ለሰኞ እንዲደርስላት በዚያ የመጋቢት ፀሐይ ቅጠሉን ዘረጋችበት። ማታ ስትነካው ተንኮሻኮሸ። በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ስታስቀምጠው ኩራቷ ለብቻው ነበር።

ሰኞ ጥዑመልሳን ቅጠሉን ዘፍዝፎ ያወጣውን ጭማቂ ሐምራዊው ፈሳሽ ላይ ጨመረ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ሐምራዊው ትንሽ ፈዘዝ አለና እዚያው ቀረ።

«አቅሙ... አነስተኛ ነው» አለ መምህሩ፣ ዓይኗን ላለማየት ብልቃጡን እያየ።

«ምንም አይደል! ደግ አደረግህ» ብላ የተረፈውን ቋጠሮዋን ይዛ ወጣች። እስከ በሩ ድረስ እየሳቀች ነው የሄደችው፤ ከበሩ ወዲያ ግን እንባዋ መጣ።

ማክሰኞ ገበያ ገባች፤ ጣሳዋን ግን አላወጣችም። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ሂድ፣ ቅጠሉ ባዶ ነው ተብሏል» ትላለች። አጅዋንግ ነገሩን ሰምታ ቋጠሮውን ፈታችና በእጇ አገላበጠችው።

«ሙሉ፣ ይሄ ቡኒ ነው። እኔ ቤት ያለው፣ ያንቺው፣ አረንጓዴ ነው። ይሄ የት ደረቀ?»

«ቆርቆሮ ላይ። ፀሐይ ላይ።»

«ፀሐይ?» አጅዋንግ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ፀሐይ የኔ ዓሣ ነው የሚወደው! ቅጠል ፀሐይ ጠላቱ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? እኔ ያኔ ሰምቻለሁ፤ አንቺ ራስሽ ረሳሽ?»

ሙሉነሽ አፏን በእጇ ያዘች።

አጅዋንግ ቤቷ ሮጣ ከሙሉነሽ የገዛችውን ቅጠል ከነጣሳው አመጣች። ወዲያው ባጃጅ ያዙ። ባለባጃጁ ከአጅዋንግ ልብስ በሚመጣው የዓሣ ሽታ አፍንጫውን ቢይዝ እሷ «ወደ ላቦራቶሪ ነው የምንሄደው፤ ቶሎ ንዳ!» ብላ ጮኸችበት።

ጥዑመልሳን ሁለት ብልቃጥ አሰለፈ፤ አንዱ የቆርቆሮው፣ አንዱ የነጠላው። የነጠላው ጭማቂ ሲገባበት ሐምራዊው እያዩት መሟሸሽ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ ቁጭ አለ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። አጅዋንግ እልልታዋን ለቀቀችው።

«ይህን እንዴት ነው ያደረቁት?» አለ መምህሩ ጠመኔውን አንስቶ።

ሙሉነሽ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ቀስ ብላ «ጥላ ውስጥ... በእናቴ አሮጌ ነጠላ ላይ» አለች።

መምህሩ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈ፦ «የማድረቂያ ዘዴ፦ በጥላ፣ ነፋስ በሚያስገባ ስስ ነጠላ ላይ።» ተማሪዎቹም ቃል በቃል ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። ሙሉነሽ ማንበብ ብትችልም፣ ዓይኗ እንባ ስለሞላ አጅዋንግን «ነጠላ ብሎ ነው አይደል የጻፈው?» ብላ ጠየቀቻት። አጅዋንግ የአማርኛ ፊደል አትለይም፤ «አዎ፣ እሱ ነው» አለቻት ግን።

ረቡዕ ቆርቆሮው ማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሙሉነሽም ቦታዋ ላይ ተመለሰች። አንድ እንግዳ ሰው ቆም ብሎ «እናቴ፣ ይፈውሳል?» ሲላት አጅዋንግ ስድቡን ለመስማት ጆሮዋን አቀናች።

ሙሉነሽ ጣሳውን እስከ አፉ ሞላችለት።

«እሱን አላውቅም፣ ልጄ» አለችው። «ባዶ ግን አይደለም።»